የግቢው ኑሮ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ብላቴ

የማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፣ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማርን አባላት አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በኮሚቴው ተጠይቀን ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ተሰበሰብን። ስለ ትምህርቱና ስለ ምረቃው እንጽፋለን ብለን ነበር የተቀመጥነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ወሬው ሁሉ ስለ ተደራራቢው አልጋ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ስለሚቀጥለው ክርክር ሆነ። ከመካከላችን በንጉሡ ዘመን የገባ አለ፤ በደርግ ዘመን የገባ አለ፤ ከዚያም ወዲህ የገባ አለ። ዘመናችን ቢለያይም የምናወራው ስለ አንድ ቤት ነበር። ስለዚህ የዚያን ቤት ታሪክ፣ የምናውቀውን ያህል፣ እዚህ አስፍረናል። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱ የፈረንጁን በቅንፍ አስገብተናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። ጣልያን ከተባረረ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው አልነበራትም ለማለት ይቻላል፤ ከጦርነቱ በፊት ውጭ አገር ደርሰው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹን ፋሽስቶች ፈጅተዋቸዋል። በ1930ዎቹ ዓመታት ውስጥ ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከፈቱ አዳሪ ተማሪ ይቀበሉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ ወይም ከሐረር ተመርጦ የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስጠጋው ዘመድ ከሌለው የት ያድራል? መንግሥት አብልቶና አሳድሮ ካላስተማረው በቀር ትምህርት የከተማ ልጅ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው።

በ1943 ዓ.ም. (1950) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ሥራ ሲጀምር ይኸው ልማድ አብሮት ገባ። ኮሌጁን እንዲያቋቁሙ ንጉሠ ነገሥቱ ያዘዟቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ካህናቱ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ስለ ተነገራቸው ቀሚሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ሱፍና ከረባት ለብሰው ያስተምሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚያወጣው ታሪክ እንደ ተገለጸው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 33 ናቸው። ሠላሳ ሦስት ሰው! ዛሬ በማኅበራችን የገና ግብዣ ላይ በአንድ ጥግ የሚቀመጠውን ሰው ያህል ነው።

የትምህርቱም፣ የምግቡም፣ የመኝታውም ወጪ በመንግሥት ነበር። ደንቡ ጥብቅ፣ ቁጥሩ ጥቂት፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚተዋወቅ። ንጉሠ ነገሥቱም ብቅ እያሉ ይጎበኟቸው ነበር። እነዚያ ልጆች የንጉሡ ልጆች ተደርገው ይታዩ ነበር ቢባል ሐሰት አይደለም፤ እነርሱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራሳቸውን እንደዚያ ያዩ ነበር። ሲመረቁ የሚጠብቃቸው ወንበር ነበረና።

እንግዲህ ወጣቶችን በአንድ ቤት ሰብስቦ፣ አብልቶ፣ መጻሕፍት ሰጥቶ፣ ማታ ማታ እርስ በርሳቸው እንዲያወሩ የተወ መንግሥት ከዚያ የሚወጣውን ሁሉ ሊቆጣጠር አይችልም። ይህን ለማለት የታሪክ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በግቢ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

አንዱ ያልታሰበ ነገር የመጣው ከውጭ ነው። በ1950 ዓ.ም. (1958) አክራ ላይ ነፃ የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጥተው ከእኛዎቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ጀመሩ። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የእኛዎቹ ልጆች የሦስት ሺህ ዘመን ነፃነት ይዘናል ብለው፣ እንግዶቹ ከቅኝ ግዛት የመጡ ናቸው ብለው፣ ትንሽ ከፍ ብለው ሳይጠብቋቸው አልቀሩም። ነገር ግን እነዚያ እንግዶች ስለ መንግሥት በግልጽ ይናገራሉ፤ ማኅበር ማቋቋም ያውቃሉ፤ የእንግሊዝን ገዥ በጋዜጣ መንቀፍ ለምደዋል። የእኛው ሰው ግን ግራ ቀኝ ሳያይ ስለ ባለ ሥልጣን አያወራም። ከአልጋ ወደ አልጋ በሚደረግ ወሬ እንዲህ ያለው ነገር ለማንም ሳይነገር ይገባል። ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ ያጠኑ ሰዎች ለእነዚህ የአፍሪካ ተማሪዎች ትልቅ ቦታ የሰጧቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. (1960) ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የኮሌጁ ተማሪዎች ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው በጥቂት ቀን ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ሌሎችም መኳንንትና ባለ ሥልጣኖች ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ያንን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. (1961) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲከፈት ስድስት ኪሎ የትምህርት ግቢ ሆነ። እኛ በዚያ ግቢ ስንመላለስ ደም የፈሰሰበት ቤት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ወጣት ናችሁና ማን ያስብበታል። ከቤቱ ፊት ለፊት የቆመውን፣ ጣልያን በወረራው ጊዜ የፋሽስትን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር የሠራውንና በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበትን ደረጃ የምናውቀው ይበልጡን ፎቶግራፍ በመነሣት ነው። እውነተኛዎቹ አንበሶች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ በአንበሳ ግቢ ነበሩ፤ ሌሊት ሲያገሡ ከአውራጃ የመጣው አዲስ ተማሪ ከአልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ነባሩ ተማሪ «ተኛ፣ እነርሱም አዳሪ ናቸው» ይለዋል።

ስለ ኮሌጅ ቀን ግጥሞች አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በየዓመቱ በሚከበረው በዓል ተማሪዎች በአማርኛ የጻፏቸውን ግጥሞች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ተነበበ፤ ርዕሱ ብቻውን ምን እንደ መጣ ይናገራል። በሚቀጥለው ዓመት የቀረቡት ደግሞ ይበልጥ ደፋሮች ነበሩና ቤተ መንግሥቱ ተቆጣ። በዚያው በ1954 ዓ.ም. (1962) የኮሌጁ የአዳሪነት ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የተማሪው ቁጥር እያደገ ሲሄድ ሁሉንም ማብላትና ማሳደር ከባድ ወጪ እንደነበረ አይካድም። ተማሪው ግን ውሳኔውን እንደ ቅጣት ነው የቆጠረው፤ በአንድ ቤት ሆኖ የሚማከረውን ወጣት በየሰፈሩ ለመበተን የተደረገ ነው አለ። ጊዜውን ስናየው ተማሪው ተሳስቷል ለማለት ይከብደናል።

ተበተኑ እንበል። የት ሄዱ? የከተማው ልጅ ወደ እናቱ ቤት ገባ። የአውራጃው ልጅ ግን በየሰፈሩ ክፍል ፈልጎ፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ ተከራየ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አከራዩዋ ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት። ቀድሞ ስለ ድህነት በመጽሐፍ የሚያነበው ልጅ አሁን ከድህነት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቶ ተኛ። ዝናብ ሲያፈስስ እርሱም ላይ ያፈስሳል። በእኛ አስተያየት በዚያ ውሳኔ መንግሥት ያገኘው ካሰበው ተቃራኒውን ነው። «መሬት ላራሹ» የሚለው ሰልፍ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. (1965) ሲወጣ፣ ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ የቤት ኪራይ የሚከፍሉና የገበያውን የእህል ዋጋ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ሌላም ትምህርት ቤት ነበር። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ታዘዘ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። የሚበዙት መምህራን ሆነው ሄዱ። ከአባቶቻችን መካከል ጎሬ የተመደበ፣ ነጌሌ የተመደበ፣ መቀሌ የተመደበ አለ። ሲመለሱ ወሬያቸው ተለውጦ ነበር ይባላል። በዚህ ሥርዓት ላይ ብዙ ቅሬታ ቢኖርም እኛ ከዩኒቨርሲቲው ሥራዎች ሁሉ ከበለጡት አንዱ አድርገን እንቆጥረዋለን።

ስለ ዓለማያና ስለ ጎንደርም ጥቂት እንበል፤ አለዚያ የዚያ ተመራቂዎች የሆኑ አባሎቻችን አይለቁንም። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ በጅማ ተጀምሮ ወደ ሐረርጌ የተዛወረ ሲሆን፣ ከከተማ ርቆ ስለሚገኝ በግቢው ከመኖር ሌላ ምርጫ አልነበረም። ጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1946 ዓ.ም. (1954) ተቋቁሞ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድነት ያስተምር ነበር። ዓለማያዎች ላም ማለብ ሳይችሉ የተመረቀ የለም ብለው ይፎክራሉ። እኛ የስድስት ኪሎዎቹ የምንፎክርበት ነገር ቢኖር ሽሮ በሰልፍ መብላታችን ነው።

የሰልፉ ነገር ከተነሣ፤ መኝታው ቆይቶ በከፊል ተመለሰ፤ ኋላም ለአብዛኛው ተማሪ ተዳረሰ። ትሪና ሚል ካርድ ይዞ መሰለፍ፣ በጾም ቀን የሚጾመውና የማይጾመው ለየብቻ ሲሰለፍ፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ማዕድ ሲለይ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ አንድ ክፍል ገብቶ አንዱ የሌላውን ስኳር ሲሰርቅ። ክፍል የሚደለደለው ደግሞ በስም ፊደል ተራ ነበር። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። አበበ፣ አብዲ፣ አብርሃ፣ አህመድ በፊደል ምክንያት ብቻ አንድ ክፍል ይገባሉ። አንዱ ሌሊት በሕልሙ በኦሮምኛ ያወራል፤ ሌላው በትግርኛ ይጸልያል፤ ሌላው ከንጋት በፊት ተነሥቶ ይሰግዳል። ከመካከላችን አንዱ የጉራጌኛ ሰላምታ የተማረው ከበላይ አልጋ ከሚተኛው ልጅ ነው፤ አሁንም በዚያ ቋንቋ የሚያውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው። ቸካዩ መጽሐፉን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤቱ መብራት ይሄዳል፤ ሌላው ካርታ ይጫወታል፤ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ወድቆ በገና ሰሞን ሻንጣውን የሚያነሣው ደግሞ «የገና ምሩቅ» ይባላል። ቀልዱ ለሳቂው ነበር። ለዚያ ልጅ፣ በተለይ መንደሩ ሁሉ ደግሶ ለሸኘው ልጅ፣ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው።

ክርክሩ ግን ይመረር ጀመር። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. (1969) ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪው መጽሔት «ስትራግል» ላይ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከግቢው ሳይርቅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል ወደ ስድስት ኪሎ አመጡት፤ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ገብተው ተኩስ ከፈቱ፤ ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ግቢው ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው ቤት አልሆነም።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሡ መንግሥት ሲወድቅ ተማሪው ያለቀሰ አይመስለንም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. (1974) የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ከዩኒቨርሲቲውና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተላከ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ሲከፈት ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ነው የምንናገረው። በ1966 ዓ.ም. አንድ ክፍል የኖሩ ሁለት ሰዎች ዛሬ የማኅበራችን አባላት ናቸው። በ1969 አንደኛው በአንድ ድርጅት፣ ሁለተኛው በሌላው ነበሩ፤ እነዚያ ድርጅቶችም ይገዳደሉ ነበር። በዚያው ክፍል ይኖር የነበረ ሦስተኛ ጓደኛቸው በቀይ ሽብር ተገደለ። ሁለቱ እዚህ አገር በአንድ ከተማ ብዙ ዓመት ሲኖሩ በልቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዱ ከገባ ሌላው ይወጣ ነበር። ማኅበራችን ሲቋቋም በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለቱም ተገኙ፤ ወንበር ጠቦ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማንም። በስብሰባው መጨረሻ አንደኛው ሌላውን በመኪናው ወደ ቤቱ ሲወስደው አይተናል። ይህን ስንጽፍ ሁለቱንም አስፈቅደናል፤ ስማችንን ግን አታንሡ ብለዋል።

የመጨረሻው የመበተን ታሪክ ደግሞ ለታናናሾቻችን ቅርብ ነው። በ1983 ዓ.ም. (1991) ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ብላቴ ወደሚገኘው የጦር ማሠልጠኛ እንዲሄዱ ተደረገ። ደብተር የያዘ እጅ ጠመንጃ ያዘ። በግንቦት ወር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲወጡ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች መሄጃ አጥተው ቀሩ። ብዙዎቹ ወደ ደቡብ፣ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ ዋልዳ የስደተኞች ሰፈር ገቡ። ቆይተው ወደ አገራቸው የተመለሱ አሉ፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛ አገር የተሻገሩ አሉ። የእኛም ማኅበር የገንዘብ ያዥ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። በስደተኞች ሰፈር ድንኳን ሲደለደሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንደ ግቢው በፊደል ተራ እንዲሆን ጠይቀው እንደነበር ሲነግረን ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ከአልጋ ጓደኞቹ ጋር እንዳይለያይ ነበር።

ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በ1996 ዓ.ም. (2003) ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ከመቶ 15 እጁን እንዲከፍል በወጪ መጋራት ደንብ ተወሰነ። መንግሥት ተማሪን ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል እየመደበ አገሩን እንዲያውቅ ማድረጉ መልካም ነበር፤ ሆኖም በ2012 ዓ.ም. (2019) በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግጭት መሞታቸውን፣ በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታግተው ወላጆቻቸው በር በሩን ሲያዩ መክረማቸውን እዚህ ሆነን ሰምተናል። በዚያን ሰሞን ስልክ ስንደዋወል የምንጠያየቀው «ዘመድ አለህ ወይ?» ብለን ነበር። የአልጋ ጓደኛ የሌላ ሰፈር ልጅ በመሆኑ የሚያስፈራ ከሆነ ከእኛ ክፍል ምን ተረፈ ብለን ተከራከርን። ገሚሶቻችን የግቢው ኑሮ ያኔም ቢሆን እኛ እንደምናስታውሰው ያማረ አልነበረም አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ በፊደል የተደለደለ ክፍል ዛሬም ያስፈልጋል አልን። አልተስማማንም፤ ቡናውም በረደ።

ለበዓሉ ዐውደ ርእይ አንድ ፎቶግራፍ አግኝተናል። በ1966 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ በዚያ የአንበሳ ደረጃ ሥር አራት ወጣቶች ቆመዋል፤ ሱሪያቸው ከታች የሰፋ፣ ፀጉራቸው የጎፈረ። ሁለቱ ከላይ የጠቀስናቸው አባሎቻችን ናቸው። ሦስተኛው የሞተው ጓደኛቸው ነው። አራተኛው ከጎረቤት ክፍል የነበረ ልጅ ሲሆን ስሙን ሁለቱም ረስተውታል፤ አንደኛው የጋሞ ጎፋ ልጅ ነው ይላል፣ ሌላው የለም ከወለጋ ነው ይላል። ፎቶግራፉ በበዓሉ ዕለት በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የምታውቁት ካላችሁ ከሥሩ በተዘጋጀው ወረቀት ላይ ስሙን ጻፉልን።